ወለምታ ነው ወይስ የተበጠሰ ጅማት?

በዚህ እትም የጤና አምዳችን ስለ ቁርጭምጭሚት ጉዳት እናወራለን። ርዕሱን ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። ባለፈው ሴሚስተር አንድ ወንድማችን ዐስር ከሰገድን በኋላ ኳስ ሲጫወት እግሩን ይዞ ወደቀ። "ማን ነው ከኋላ የመታኝ?" ብሎ ዞር ሲል በአቅራቢያው ማንም አልነበረም። ትንሽ ተቀምጦ ተነሳና እያነከሰ ወደ ዶርም ሄደ። መራመድ ስለቻለ ሁላችንም "ወለምታ ነው፣ ያልፋል" አልነው። አንዱ ቅባት አመጣ፣ ሌላው አሸው። አምስት ሳምንት እያነከሰ ክላስ ተመላለሰ። ደረጃ መውጣት አልሆንለት ሲል ሆስፒታል ሄደ፤ ከተረከዙ በላይ ያለው ትልቁ ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጥሶ ተገኘ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢታይ ኖሮ የሕክምና ምርጫው ሰፊ ነበር። ዘግይቶ በመሄዱ ግን የቀረለት ከበድ ያለ ቀዶ ጥገና ሆነ። ያሸነው እኛ ነን፣ ያልፋል ያልነውም እኛ ነን፤ ከመካከላችን የጤና ሳይንስ ተማሪዎች መኖራቸው ደግሞ ይበልጥ ያሳፍራል። አሁን አልሐምዱሊላህ እየተሻለው ነው። ይህን እንድንጽፍም የጠየቀን እሱ ራሱ ነው።

አንድ ስም፣ ሁለት ነገር

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። "ጅማት" ስንል ብዙ ነገር በአንድ ላይ እንጠራለን። አንዳንዱ ሰው የደም ሥርንም ጅማት ይለዋል። በቁርጭምጭሚት ዙሪያ ግን ለይተን ልናውቃቸው የሚገቡ ሁለት ዓይነት ጅማቶች አሉ። አንደኛው አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያስረው ነው፤ በሕክምናው ሊጋመንት ይባላል። ሁለተኛው ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያገናኘው ነው፤ ቴንደን ይባላል። ሊጋመንት እንደ ማሰሪያ ነው፣ ሥራው መገጣጠሚያው ከቦታው እንዳይወጣ መያዝ ነው። ቴንደን ደግሞ እንደ መጎተቻ ገመድ ነው፤ ጡንቻው ሲኮማተር አጥንቱን የሚስበው በእሱ በኩል ነው። ማሰሪያው ሲበጠስ መገጣጠሚያው ይላላል። ገመዱ ሲበጠስ ግን ጡንቻው ቢጎትትም እግሩ እንደሚፈለገው አይታዘዝም። ሁለቱ በተለያየ መንገድ ይጎዳሉ፣ የሚታወቁትም በተለያየ ምልክት ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ በየስማቸው እንጠራቸዋለን።

"ወለምታ ብቻ ነው ወይስ ተበጥሷል?" የሚለው ጥያቄ በሊጋመንት በኩል ሲታይ ራሱ ትክክል አይደለም። ወለምታ ማለት የሊጋመንት ጉዳት ማለት ነው። ቀላሉ ሊጋመንቱ ተለጥጦ ጥቂት ክሮቹ ብቻ የተጎዱበት ነው። መካከለኛው በከፊል የተቀደደበት ነው። ከባዱ ሙሉ በሙሉ የተበጠሰበት ነው። ባለሙያዎች አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ይሏቸዋል። ሦስቱም ወለምታዎች ናቸው። እንግዲህ "ወለምታ ነው" የሚለው መልስ ትክክል ሆኖም ምንም ላይነግረን ይችላል፤ ማወቅ ያለብን ምን ያህል እንደተጎዳና የተጎዳውም ሊጋመንት፣ አጥንት ወይስ ቴንደን መሆኑን ነው።

መጀመሪያ አጥንቱን

በብዛት የሚያጋጥመው ወለምታ ውስጥ እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ የሚመጣው ነው። ጉድጓድ ስንረግጥ፣ ከዝላይ ስንወርድ የሌላ ተጫዋች እግር ላይ ስናርፍ፣ ወይም በረጅም ጅልባብ የዶርም ደረጃ ስንወርድ ይሆናል። መጀመሪያ የሚጎዳው ከውጭኛው የቁርጭምጭሚት ጉብታ ፊት ለፊት ዝቅ ብሎ የሚገኘው ሊጋመንት ነው። ጉልበቱ ከበረታ ከጉብታው ጫፍ ወደ ተረከዝ የሚወርደውም ይከተላል። በውስጠኛው በኩል ያለው ሊጋመንት ሰፊና ጠንካራ ስለሆነ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይጎዳም። ስለዚህ ከባድ ሕመም በውስጥ በኩል ሲሆን አጥንትም ተሰብሮ ሊሆን ይችላል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ለዚህ ጥርጣሬ መልስ የሚሰጥ ቀላል መንገድ አለ። የካናዳዋ ኦታዋ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 "የኦታዋ የቁርጭምጭሚት መመሪያ" የተባለውን አሳተሙ። ዓላማው ወለም ያለው ሰው ሁሉ ኤክስሬይ እንዳይነሳ፣ ኤክስሬይ የሚያስፈልገው ደግሞ እንዳይቀር ነው። መመሪያው የሚጠይቀው ጣትንና አራት እርምጃን ብቻ ነው። በውጭኛው ጉብታ የኋላ ጠርዝ ላይ፣ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ድረስ አጥንቱን ጫን ጫን እያደረጋችሁ ሂዱ። በውስጠኛው ጉብታም እንዲሁ አድርጉ። ከዚያም ሁለት ቦታ ቀርቷል፦ በእግር የውጭ ጠርዝ መሐል ላይ፣ ከትንሿ ጣት ወደ ኋላ ስትሄዱ ጎላ ብሎ የሚዳሰሰው አጥንት፤ እና በውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚቱ ትንሽ ፊት ያለው አጥንት። ከእነዚህ በአንዱ ላይ አጥንቱ ራሱ ሲጫኑት የሚያም ከሆነ ኤክስሬይ ያስፈልጋል። ሕመሙ ከጉብታው ፊት ባለው ለስላሳ ሥጋ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ይበልጥ የሚጠረጠረው ሊጋመንቱ ነው።

አራቱ እርምጃዎች ደግሞ እንዲህ ናቸው። ጉዳቱ እንደደረሰም ክሊኒክ ሲደርስም ተጎጂው አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ የትም ይመመው የት፣ ኤክስሬይ ይነሳ። ማነከስ እንደ መራመድ ይቆጠራል፤ ዋናው ክብደቱን በሁለቱም እግሮች ላይ በየተራ መጣል መቻሉ ነው። መመሪያው በብዙ አገሮች ተፈትኖ ስብራት የሚያመልጠው እጅግ አልፎ አልፎ መሆኑ ታይቷል። ልብ በሉ፤ ይህ ስለ አጥንት ብቻ ነው የሚናገረው። ኤክስሬይ ሊጋመንትም ቴንደንም አያሳይም። "ኤክስሬይ ተነሳሁ፣ ምንም የለም ተባልኩ" ማለት "አጥንቴ አልተሰበረም" ማለት ነው፤ "ምንም አልተበጠሰም" ማለት አይደለም። ለስላሳውን ክፍል የሚያሳዩት አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ናቸው። ከሁለቱ አልትራሳውንዱ በዋጋም በተደራሽነትም ለእኛ ይቀርባል።

በመጀመሪያው ቀን እብጠት አትመኑ

ብዙዎቻችን የጉዳቱን ክብደት የምንለካው በእብጠቱ ነው። እንቁላል የሚያህል ካበጠ ተበጥሷል፣ ካላበጠ ደህና ነው እንላለን። እብጠት ግን ጥሩ መለኪያ አይደለም። ትንሽ የተጎዳ ሊጋመንት ቶሎ በረዶ ካላገኘና ካልታሰረ በጣም ሊያብጥ ይችላል። ከሁለት ቀን በኋላ በተረከዝና በጣቶች አካባቢ መበለዙም አዲስ ጉዳት አይደለም፤ ከላይ የፈሰሰው ደም ወደ ታች ስለወረደ ነው። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ሕመሙና እብጠቱ ስለሚበረቱ ባለሙያም ቢሆን መገጣጠሚያው መላላቱን በእጁ ለመለየት ይቸገራል። ተጎጂው ይፈራል፣ ጡንቻውን ያደነድናል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን እብጠቱ ቀነስ ሲል የሚደረግ ምርመራ ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ ሊጋመንትን ለመለየት በጣም የተሻለ ነው። በዚያን ጊዜ ሐኪሙ ቅልጥሙን በአንድ እጅ ይዞ ተረከዙን በሌላው ወደ ፊት ይስባል፤ ከጤነኛው እግር ይልቅ ብዙ ወደ ፊት ከመጣ ማሰሪያው ተበጥሷል። ይህን ራሳችሁ አትሞክሩት። እኛ የምንላችሁ ቀላል ነገር ነው፦ መጀመሪያ ቀን ብትታዩም በአምስተኛው ቀን ተመልሳችሁ ታዩ።

እናንተ ራሳችሁ የምታስተውሏቸው ምልክቶችም አሉ። በአንደኛው ደረጃ ሰውየው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሳያነክስ ለመራመድ ይቃረባል፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜም ይድናል። በሁለተኛው ደረጃ መርገጥ ያማል፣ መበለዙም ይታያል፤ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በሦስተኛው ደረጃ "ጧ" የሚል ነገር ሰማሁ የሚል አለ፣ ቁርጭምጭሚቱ የማይታመን ይሆናል፣ ሲቆሙበት የሚከዳ ይመስላል፤ ለመዳን ወራት ሊፈልግ ይችላል። በሕመሙ ብርታት ብቻ አትፍረዱ፤ ሙሉ በሙሉ የተበጠሰው አንዳንዴ በከፊል ከተቀደደው ያነሰ ሊያም ይችላል።

አንድ የሚረሳ ወለምታ አለ። እግር መሬት ላይ ተተክሎ ሰውነት ሲዞር፣ ማለትም ውስጥ እግር ወደ ውጭ ሲጠመዘዝ፣ ሁለቱን የቅልጥም አጥንቶች እርስ በርስ የሚያስረው ሊጋመንት ይጎዳል። ሕመሙ ከጉብታው በታች ሳይሆን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ነው፤ ቅልጥሙን መሐል ላይ ከግራና ከቀኝ ሲጨብጡት ታች ያማል። እብጠቱ ብዙም ላይሆን ይችላል። ይሁንና ከተለመደው ወለምታ እጅግ የዘገየ ነው፣ አንዳንዱም ቀዶ ጥገና ይፈልጋል።

ከተረከዝ በላይ ያለው ገመድ

አሁን ወደ ወንድማችን እንመለስ። የተበጠሰበት የአኪለስ ቴንደን ነው፤ ባትን ከተረከዝ ጋር የሚያገናኘው፣ ከሰውነታችን ቴንደኖች ሁሉ ወፍራሙና ጠንካራው። የሚበጠሰው አብዛኛውን ጊዜ ማንም ሳይነካን ነው፤ ለመሮጥ ስንፈናጠር፣ ስንዘል ወይም በድንገት አቅጣጫ ስንቀይር። ሳምንቱን ሙሉ ላይብረሪ ተቀምጦ ቅዳሜ ያለ ማሟሟቂያ ሜዳ የሚገባው ይበልጥ ይጋለጣል። ተጎጂዎች የሚናገሩት ነገር በጣም ይመሳሰላል፦ "ከኋላ የተመታሁ መሰለኝ።" ወንድማችን ያንን ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ብሎት ነበር፤ እኛ ግን የሰማነው እንደ ቀልድ ነበር።

ያሳሳተን መራመዱ ነው። አኪለስ ቢበጠስም ከቁርጭምጭሚት በስተኋላ የሚያልፉ ሌሎች ቴንደኖች እግርን በመጠኑ ወደ ታች ይገፋሉ፤ ስለዚህ ሰውየው እያነከሰ ይሄዳል። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ኮቢ ብራያንት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 አኪለሱ ከተበጠሰ በኋላ ሁለት የቅጣት ውርወራ ቆሞ ወርውሮ ሁለቱንም አስገብቶ ነው ከሜዳ የወጣው። ዴቪድ ቤካም በመጋቢት 2010 በኤሲ ሚላን ማሊያ ሲጫወት ያው ጉዳት ደርሶበት የዚያን ዓመት የዓለም ዋንጫ አልፎታል። "መራመድ ከቻለ አልተበጠሰም" የሚለው አባባል ለአኪለስ አይሠራም።

የሚሠራው ሌላ ነገር ነው፣ ዶርም ውስጥም በግማሽ ደቂቃ ያልቃል። ተጎጂው ወንበር ወይም አልጋ ላይ ይንበርከክ፤ ሁለቱም እግሮቹ ከጠርዙ ውጭ ተንጠልጥለው ዘና ይበሉ። መጀመሪያ የጤነኛውን እግር ባት ከግራና ከቀኝ ጨበጥ አድርጉ። ውስጥ እግሩ በራሱ ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ ጡንቻው ገመዱን ስለሚጎትት ነው። ከዚያ የተጎዳውን ጨብጡ። ካልተንቀሳቀሰ ወይም በጣም ጥቂት ከተንቀሳቀሰ ቴንደኑ ተበጥሷል ብላችሁ በዚያኑ ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ሐኪሞች ይህን ከ1950ዎቹና 60ዎቹ ጀምሮ ሲጠቀሙበት ኖረዋል፣ የሲሞንድስና የቶምሰን ምርመራም ይሉታል። ከዚህ ሌላ ከተረከዝ ትንሽ ከፍ ብሎ በጣት ሲዳስሱት ገመዱ ተቋርጦ የሚሰረጉድ ቦታ ሊገኝ ይችላል፤ እብጠት ግን ስርጉዱን ሊሞላው ስለሚችል አለመገኘቱ አያጽናና። በተጎዳው እግር ብቻ በጣቶች ላይ መቆም አለመቻልም ትልቅ ምልክት ነው፤ ሆኖም ለመሞከር ብላችሁ አታስገድዱት።

እህቶች ባት ማስነካት ስለሚከብዳቸው ምርመራውን ሲያዘገዩት አይተናል። ይህን ፈተና የዶርም እህት በልብስ ላይ ልታደርገው ትችላለች። ክሊኒክ ስትሄዱ ደግሞ ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሴት ባለሙያ ካለች እንድታያችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር የለውም። ሴት ባለሙያ አልተገኘችም ብሎ ሳምንታት መቆየት ግን እግርን ያሳጣል።

ለምን ይቸኮላል? የተበጠሰው ቴንደን ሁለት ጫፎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቀራረባሉ። ያኔ ውስጥ እግሩን ወደ ታች ዘርግቶ በጀሶ ወይም በልዩ ጫማ በመያዝ ብቻ ሊድን ይችላል፣ ወይም በቀላል ቀዶ ጥገና ይሰፋል። ሳምንታት ሲያልፉ ጡንቻው እያጠረ ጫፎቹ ይራራቃሉ፣ መሐሉም በማይረባ ጠባሳ ይሞላል። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ጉዳዩ ሌላ በሽታ ሆነ ማለት ይቻላል።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ እኛ "ሲፕሮ" የምንለው፣ ለተቅማጥም ለታይፎይድም እየተባለ ከፋርማሲ እንደ ከረሜላ ይገዛል። ይህ መድኃኒትና ዘመዶቹ (ኖርፍሎክሳሲን አንዱ ነው) አልፎ አልፎ ቴንደንን ያዳክማሉ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 ከፍተኛውን የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንዲሰፍር አዟል። እንደ ፕሬድኒሶሎን ካሉ መድኃኒቶች ጋር አብሮ ሲወሰድ አደጋው ይጨምራል። ለሚያስፈልገው ሰው ጠቃሚ መድኃኒት ነው፣ በሐኪም የታዘዘላችሁን በራሳችሁ አታቋርጡ። ግን እየወሰዳችሁት ከተረከዝ በላይ ማመም ከጀመረ ኳሱን አቁማችሁ ወዲያው ወዳዘዘላችሁ ባለሙያ ተመለሱ።

ከውጭኛው ጉብታ በስተኋላ የሚያልፉ ሁለት ቴንደኖችም አሉ። እነሱ ሲጎዱ ሕመሙ ከጉብታው ኋላ ነው፣ እግር ሲዞር ከቦታው የሚንሸራተት ነገር ይሰማል። "ወለምታዬ ለምን አልድን አለ?" የሚሉ ሰዎች አንዳንዶቹ ይህ ነው ያለባቸው።

እስከዚያው ምን እናድርግ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት እግሩን ማሳረፍ፣ ከልብ ከፍ አድርጎ መስቀል፣ በሚለጠጥ ፋሻ ከጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ ማሰር። በረዶ ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ ውኃ የሞላ ሃይላንድ ካፌው ፍሪጅ ውስጥ እንዲያስቀምጡላችሁ ለምኑ፤ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙበት፣ በቀን ደጋግሙት። በረዶን በባዶ ቆዳ ላይ አታድርጉ። ፋሻው ጣቶችን ካደነዘዘ፣ ካቀዘቀዘ ወይም ካጠቆረ ወዲያው ፍቱት። ለማስታገሻ ፓራሲታሞል ይበቃል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራ ላለበት አይመከሩም፤ በጾም ወቅትም በባዶ ሆድ አይወሰዱ፣ ከኢፍጣር በኋላ ከምግብ ጋር ይሁን።

መታሸትን በተመለከተ ቅሬታ እንደሚነሳብን እናውቃለን። ብዙዎቻችን ያደግነው ወለም ሲለን ወጌሻ ጋ እየተወሰድን ነው፣ ልምድ ያላቸው ወጌሾች መኖራቸውንም አንክድም። ነገር ግን ትኩስ ጉዳት ሲታሽ ውስጥ የሚደማው ይጨምራል፤ የተሰበረ ከሆነ ደግሞ ስብራቱን ያፈናቅላል። ከሁሉ የከፋው በቀርከሃ ወይም በጨርቅ አጥብቆ ማሰር ነው፤ የደም ዝውውር ተቋርጦ እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች በአገራችን ሆስፒታሎች ይታያሉ። ወጌሻ ጋ መሄዳችሁ ካልቀረ እንኳ አጥንቱ አለመሰበሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ሶላትን በተመለከተ ብዙ ጥያቄ ይመጣልናል። ቆሞ መስገድ ያቃተው ተቀምጦ ይሰግዳል፣ ይህ ለታመመ ሰው የተሰጠ ገርነት ነው። ለቁርጭምጭሚት የሚከብደው ግን መቆሙ ብቻ አይደለም። በሁለቱ ሱጁዶች መካከልና በተሸሁድ ላይ የምንቀመጠው አቀማመጥ ጣቶችን አጥፎ ቁርጭምጭሚትን ያስጨንቃል፤ የተጎዳ ሊጋመንት ላይ በቀን ደጋግሞ መጫን ማለት ነው። ወንበር ላይ ወይም እግርን ዘርግቶ መቀመጥ ይቻላል። የሚለጠጥ ፋሻ የሚፈታ ከሆነ ለውዱእ ፈትታችሁ ታጠቡ፤ ጀሶ ከሆነ በላዩ ላይ ማበስ አለ፣ ሆኖም በዝርዝሩ መዝሀቦች ስለሚለያዩ ኡስታዞቻችንን ጠይቁ። እርጥብ የውዱእ ቦታ ላይ በአንድ እግር አትዝለሉ፤ ሌላው ቁርጭምጭሚት የሚሄደው እዚያ ነው።

አጥንትና ቴንደን ደህና መሆናቸው ከታወቀ በኋላ ለረጅም ጊዜ መተኛት አይረዳም። ሦስተኛ ደረጃ ወለምታ ያለባቸው ሰዎች እንኳ አብዛኞቹ ያለ ቀዶ ጥገና በድጋፍና በእንቅስቃሴ ይድናሉ። ሕመሙ ሲቀንስ ቁርጭምጭሚቱን በየአቅጣጫው ማንቀሳቀስ ጀምሩ፣ ቀስ እያላችሁ ክብደት ጣሉበት። ከዚያ የሚዘነጋው ክፍል ይመጣል፦ በአንድ እግር መቆም። ሊጋመንት ሲጎዳ ሚዛን የሚጠብቀው ስሜትም ይጎዳል፤ ለዚህ ነው አንዴ ወለም ያለው ሰው ደጋግሞ ወለም የሚለው። ጥርስ ስትቦርሹ ግድግዳ አጠገብ በተጎዳው እግር 30 ሰከንድ ቁሙ፣ ሲለመድ ዓይን ጨፍናችሁ ሞክሩ። ለጥቂት ሳምንታት ይህን ማድረግ ዳግም መጎዳትን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ወደ ሜዳ የምትመለሱት ሳያምማችሁ በቀጥታ መሮጥ፣ መጠማዘዝና በተጎዳው እግር ብቻ መዝለል ስትችሉ ነው፤ ቡድናችሁ ግማሽ ፍጻሜ ስለደረሰ አይደለም።

የጀመዓው ማኅበራዊ ክፍል ሁለት ጥንድ ክራንችና ጥቂት የሚለጠጡ ፋሻዎች አሉት። የሚያስፈልገው እህት ወይም ወንድም የዶርም ተጠሪውን ይጠይቅ፤ የጨረሰም ይመልስ፣ አንዱ ጥንድ ካለፈው ረመዷን ጀምሮ አልተመለሰም። ባት የመጨበጡን ምርመራ በተግባር ማየት የምትፈልጉ ኢንሻአላህ ከቀጣዩ ጁምዓ በኋላ የጤና ተማሪ ወንድሞች ለወንዶች፣ እህቶች ለሴቶች ለየብቻ ያሳያሉ። ወንድማችንም ይመጣል፤ ጠባሳውን ለማሳየት ፈቅዷል።